ጆርጅ ፎርማን፦ በ20 ዓመት ልዩነት ቀበቶውን ያስመለሰው ቦክሰኛ

ብዙ ሰው ጆርጅ ፎርማንን የሚያስታውሰው በአንድ ሌሊት ነው። ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊ የዘረረው ግዙፍ ሰውዬ። ያ ሌሊት ግን የታሪኩ መሀል ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ፎርማን በፕሮፌሽናልነት 81 ጊዜ ገጥሞ 76ቱን አሸንፏል፤ ከነሱም 68ቱን በዝረራ። እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው የነበረው ፎርማንና በአርባዎቹ የመጣው ፎርማን አንድ ዓይነት ቦክሰኛ አይደሉም። የመጀመሪያው ቸኩሎ ይጨርሳል፣ ካልጨረሰ ራሱ ያልቃል። ሁለተኛው መጠበቅ ያውቃል። በመሀላቸው አንድም ግጥሚያ የሌለበት 10 ዓመት አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በጃንዋሪ 1949 ቴክሳስ ውስጥ፣ ማርሻል በምትባል ከተማ ነው። ያደገው ግን ሂውስተን፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባል የድሃ ሰፈር ነው። እናቱ ሰባት ልጅ ለማብላት ስትለፋ ትውላለች፤ ቢሆንም ቤት ውስጥ ጠግቦ የሚያድር አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲሄድ ምሳ የቋጠረ እንዲመስል ባዶ የወረቀት ከረጢት ይይዝ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በኋላ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሰው መቀማት ጀመረ። አንድ ቀን ከፖሊስ ሸሽቶ ቤት ሥር ገብቶ፣ ውሾቹ እንዳያሸቱት ጭቃ ተለቅልቆ ሲደበቅ፣ ሌባ መሆኑ ያኔ ድንገት እንደገባው ከብዙ ዓመት በኋላ አውርቷል።

መውጫ በር የሆነው ጆብ ኮር ነው። በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጊዜ የተጀመረ፣ ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ሙያ የሚያስተምር የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ፎርማን በ1965 በ16 ዓመቱ ገባ። መጀመሪያ ኦሪገን፣ ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ተላከ። እዚያም ድብድቡን አልተወም። ቻርልስ ብሮደስ የሚባል፣ ልጆቹ "ዶክ" የሚሉት ሰው ነው ያንን ጉልበት ወደ ሪንግ ያስገባው። የመጀመሪያ የአማተር ግጥሚያውን በ1967 መጀመሪያ ላይ አደረገ። ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላው ኦሎምፒክ ላይ ነው። እስኪ አስቡት፤ ሌላው ቦክሰኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት ዓመት ሲለፋ ቆይቶ የሚደርስበት ቦታ ነው።

የ1968ቱ ሜክሲኮ ሲቲ ለኛ የማሞ ወልዴ ኦሎምፒክ ነው። ማሞ ማራቶኑን ባሸነፈ በስድስተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 26፣ የ19 ዓመቱ ፎርማን የሶቭየት ኅብረቱን ዮናስ ቼፑሊስን በሁለተኛው ዙር አስቁሞ የከባድ ሚዛን ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ትንሽዬ የአሜሪካ ባንዲራ አውጥቶ በሪንጉ ዙሪያ እያውለበለበ ለተመልካቹ ጎንበስ አለ። ችግሩ ጊዜው ነበር። ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ዘረኝነትን ለመቃወም በሜዳሊያ መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ካነሱ ገና 10 ቀኑ ነው። ሰፈሩ ሲመለስ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ፊት ነሱት። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ከጎዳና ያነሳው የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ ባንዲራው ለሱ ይሄ ነበር።

ፕሮፌሽናል የሆነው በጁን 1969 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ነው፤ ተጋጣሚውን በሦስተኛው ዙር አስቆመው። አሠልጣኙ ዲክ ሳድለር ነበር። ከቀድሞው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሰኒ ሊስተን ጋር ደግሞ አብሮ ይለማመድ ነበር፤ ያ ኮስታራ ፊት፣ ያ ዝምታ ከሊስተን የተቀዳ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እየዘረረ 37 ግጥሚያ ያለ ሽንፈት አለፈ።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1973፣ ኪንግስተን፣ ጃማይካ። ሻምፒዮኑ ጆ ፍሬዘር ነው፤ አሊን ያሸነፈ፣ በማንም ያልተሸነፈ። ገማቾቹ ለፍሬዘር ነበር ያደሉት። ፎርማን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። በአንዱ ምት ፍሬዘር እግሩ ከመሬት ሲነሳ ይታያል። በቀጣዩ ዓመት ካራካስ ላይ ኬን ኖርተንንም በሁለት ዙር ጨረሰው። ልብ በሉ፣ ፍሬዘርም ኖርተንም አሊን ያሸነፉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አሊ ፎርማንን ሊገጥም ነው ሲባል፣ ለአሊ ሕይወት የፈሩ ነበሩ።

ኪንሻሳ። የዛየሩ (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ፕሬዚዳንት ሞቡቱ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር አቀረበላቸው። ግጥሚያው ለሴፕቴምበር ታቅዶ ነበር፤ ፎርማን ልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ስለተሰነጠቀ ወደ ኦክቶበር 30 ቀን 1974 ተገፋ። በዚህ መሀል አሊ ከሕዝቡ ጋር ተዋደደ። ፎርማን ደግሞ የጀርመን ሼፐርድ ውሻ ይዞ መጣ፤ የቤልጂየም ቅኝ ገዢ ፖሊሶች ሕዝቡን ያስፈራሩበት የነበረውን ዓይነት ውሻ። ይህን ማንም አልነገረውም መሰለኝ። ስታዲየሙ በሙሉ "አሊ ቦማዬ" ይል ነበር፤ አሊ ግደለው ማለት ነው።

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሰዓት እንዲመች ተብሎ ግጥሚያው የተጀመረው ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ነው። አሊ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ገመዱ ላይ ተደገፈ፣ ፊቱን ሸፈነ፣ ምታኝ አለው። ፎርማንም መታ፣ መታ፣ መታ። ሌላ ነገር አያውቅማ! እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ሁሉ ምት አርፎበት የቆመ ሰው ብዙ አላጋጠመውም። በሰባተኛው ዙር ጎኑን በኃይል ሲመታው አሊ ጆሮው ሥር "ያለህ ይሄ ብቻ ነው ጆርጅ?" እንዳለውና በልቡ አዎ እንዳለ ፎርማን ራሱ ደጋግሞ ተርኮታል። ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት አሊ ከገመዱ ወጥቶ ዘረረው። የመጀመሪያ ሽንፈቱ ነበር። ሰበብ ሲደረድር ከረመ፤ ገመዱ ላልቷል አለ፣ ውሃዬ ውስጥ መድኃኒት ነበረ አለ። የኋላ ኋላ ግን ሰበቡን ትቶ ከአሊ ጋር የልብ ወዳጅ ሆነ። በ1997 ስለዚያ ሌሊት የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ሲሸለም፣ በፓርኪንሰን የደከመውን አሊን ደግፎ መድረኩ ላይ ያወጣው ፎርማን ነው።

ወደ ሪንጉ እንመለስ። በ1976 ላስ ቬጋስ ላይ ከሮን ላይል ጋር ተያይዘው ሲወድቁና ሲነሱ ቆይተው በአምስተኛው ዙር አሸነፈ። ፍሬዘርንም ደገመው። በማርች 1977 ግን ሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ ጂሚ ያንግ የአሊን ትምህርት አስታወሰው፤ አደከመው፣ በ12ኛው ዙር ጣለው፣ በነጥብም አሸነፈው። ከግጥሚያው በኋላ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ፎርማን ተዝለፈለፈ። ሞቼ ነበር፣ ኢየሱስንም አገኘሁት አለ። ሐኪሞቹ የሙቀት ድካም አሉት። የትኛውንም ብታምኑ፣ ሰውዬው በ28 ዓመቱ ጓንቱን ሰቀለ። ሂውስተን ውስጥ ሰባኪ ሆነ፤ ቀጥሎም የወጣቶች ማዕከል ከፈተ።

ወደ ቦክስ የመለሰው ይሄው ማዕከል ነው። ገንዘብ አጠረው፣ ለማኝ መሆን ደግሞ አልፈለገም። በማርች 1987 በ38 ዓመቱ፣ ከ120 ኪሎ በላይ ሆኖ ሪንግ ላይ ሲወጣ ሰው ሳቀ። ቦርጫም፣ ራሱን የተላጨ፣ ፈገግተኛ ሰባኪ። መጀመሪያ የሚገጥማቸውም ደካሞች ናቸው ተባለ፤ አብዛኞቹም ነበሩ። አጨዋወቱ ግን ተቀይሯል። አይሮጥም። ጃቡን፣ ማለትም በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረውን ቀጥተኛ ቡጢ፣ ይልካል፣ ክንዱን አጣምሮ ይከላከላል፣ በዙሮች መሀል እንኳን ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። በ1990 ጌሪ ኩኒን በሁለት ዙር ዘረረ። በ1991 ሻምፒዮኑን ኢቫንደር ሆሊፊልድን ገጥሞ በነጥብ ቢሸነፍም 12 ዙር ሙሉ ቆሞ ጨረሰ። ወጣቱ ፎርማን ይህን አይችልም ነበር። በ1993 ደግሞ በቶሚ ሞሪሰን በነጥብ ተሸነፈ፤ በቃ አለቀለት ተባለ።

ኖቬምበር 5 ቀን 1994፣ ላስ ቬጋስ። ማይክል ሙረር 26 ዓመቱ ነው፤ 35 ጊዜ ገጥሞ አልተሸነፈም። ፎርማን 45። የለበሰው በኪንሻሳ የለበሰውን ቀይ ቁምጣ ነው። ጥጉ ላይ የቆመው ደግሞ ያን ሌሊት በአሊ ጥግ የነበረው አንጀሎ ዳንዲ። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ሙረር መታው። የሦስቱም ዳኞች ነጥብ ለሙረር ነበር። ፎርማን ዝም ብሎ ወደፊት ይራመዳል፣ ይመታል፣ ይቀበላል። በአሥረኛው ዙር ሙረር ፊቱ ቆመ። ፎርማን አጭር፣ ቀጥ ያለች ቀኝ አገጩ ላይ አሳረፈበት። ሙረር በጀርባው ተዘረረ፣ ተቆጥሮበት አልተነሳም። ፎርማን ጥጉ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ። እኔ ይህን ዙር ባየሁ ቁጥር ኪንሻሳ ትዝ ይለኛል፤ እየተመታ የመጠበቅን ነገር ከአሊ ተምሮ፣ 20 ዓመት ይዞት ቆይቶ የተጠቀመበት ይመስለኛል። እስከ ዛሬ በከባድ ሚዛን በዚህ ዕድሜ ሻምፒዮን የሆነ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ያን ያህል አያኮራም። ቶኒ ታከርን አልገጥምም በማለቱ አንዱን ቀበቶ ተነጠቀ። በ1995 ከጀርመናዊው አክስል ሹልዝ ጋር በነጥብ አሸነፈ ቢባልም ብዙ ተመልካች አልተቀበለውም፣ እኔም እንደነሱ ነኝ። ድጋሚ ግጥም ሲባል ሌላውን ቀበቶ ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ስሙን የያዘው የኤሌክትሪክ ሥጋ መጥበሻ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። በ1999 ለስሙ መብት የተከፈለው 137.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከቦክስ ካገኘው ይበልጣል።

የመጨረሻ ግጥሚያው በኖቬምበር 1997 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ከሻነን ብሪግስ ጋር ነበር። ዳኞቹ ለብሪግስ ፈረዱ፤ አዳራሹ ጮኸ፣ ፎርማን ግን አልተከራከረም። 48 ዓመቱ ነበር። በማርች 21 ቀን 2025፣ በ76 ዓመቱ፣ እዚያው ባደገበት ሂውስተን አረፈ።