«የሥራው ጠባይ አይፈቅድም» ሲባሉ

ሀዋሳ ውስጥ አንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል እንበል። ማስታወቂያው «ለረጅም ሰዓት መቆም የሚችል» ይላል። በክራንች የምትሄድ የሂሳብ ምሩቅ አነበበችውና ተመለሰች። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሕጉ ከእሷ ጋር ነውና።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ማግለልን ይከለክላል። ልዩ ሁኔታው አንድ ነው፦ የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ከሆነ። ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው። የሥራው ጠባይ ማለት የአሠሪው ልማድ ማለት አይደለም። ሐይቁ ላይ ጀልባ ለሚነዳ ሰው ዓይን የግድ ነው። ገንዘብ መቁጠር ግን ተቀምጦም ይሠራል። ወንበር ማቅረብ፣ ጠረጴዛውን ዝቅ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሕጉ ይህን «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይለዋል። አሠሪው ከአቅም በላይ ጫና ይሆንብኛል ካለ፣ ወጪውና የድርጅቱ መጠን ይታያል። የአንድ ወንበር ዋጋ መቼም ጫና አይባልም!

ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ መድልዎ ደርሶብኛል ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም። መድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ያም ሆኖ የምትከሱበትን ማስታወቂያ ለማሳየት እንዲመቻችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።