ስለ አካባቢ ጥበቃና ጤና መስሪያ ቤት የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የክልል ወይም የግዛት የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ችግኝ ተከላ ነው። ችግኝ ጥሩ ነው፣ ግን የስራው ዋና ክፍል ሌላ ነው፣ ውሃ ቀድቶ ማስመርመር፣ አየር መለካት፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ናሙና ወስዶ ላብራቶሪ ማስገባት፣ ከዛ ሰው ሳይታመም አቁሙ ማለት። ይሄ ስራ በደንብ ሲሰራ ምንም ስለማይፈጠር አይታይም፣ ለዛ ነው መሰለኝ ዙሪያውን የተሳሳተ ወሬ የበዛው።

«ውሃው ጥርት ካለና ካልሸተተ ንጹህ ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ አብዛኛው ሐኪም በሽታው ከመጥፎ ሽታ ነው የሚመጣው ብሎ ያምን ነበር፣ ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ግን የሞቱት ሰዎች የት የት ይኖሩ እንደነበር ሲከታተል አብዛኞቹ የብሮድ ስትሪት ፓምፕ ውሃ የሚጠጡ ሆነው አገኛቸው። ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት ሴት እንኳን የፓምፑን ውሃ ስለወደደችው እያስመጣች ትጠጣ ነበር፣ እሷም በዛው ኮሌራ ሞተች።

አሁንም ያው ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ሰው ከኩሬና ከወንዝ ውሃ ተቅማጥ እንዲድን ተብሎ በብዛት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ አላማው ጥሩ ነበር፣ የሚወጣው ውሃም ሲያዩት ንጹህ ነው፣ ግን ውስጡ አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1993 ነው፣ እስከዛ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለዓመታት ጠጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአርሴኒክ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፣ ይሄን በአይንም በምላስም የሚለይ ሰው የለም።

«አፍልቼ ከጠጣሁ ምንም አልሆንም» የሚሉም አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እርሳስ (የሚጻፍበት ሳይሆን ብረቱ)፣ አርሴኒክና ከማዳበሪያ የሚመጣውን ናይትሬት ግን አያስወጣም፣ እንደውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል። ስለዚህ መስሪያ ቤቱ «አፍልታችሁ ጠጡ» ሲልና «ጨርሶ እንዳትጠጡ» ሲል ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ እባካችሁ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

«አካባቢ ጥበቃ ሌላ፣ ጤና ሌላ»

ፍሊንት የምትባለው የአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከተማ እ.ኤ.አ በ2014 ውሃዋን ከፍሊንት ወንዝ መውሰድ ጀመረች፣ ውሃው ቧንቧውን እንዳይበላው የሚጨመረው ኬሚካል አልተጨመረም፣ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤትም እንዲጨመር አላስገደደም፣ ከቧንቧው እርሳስ እየወጣ ውሃው ውስጥ ገባ። ነዋሪዎች ሲጮሁ ውሃው ደህና ነው ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ በ2015 ገለልተኛ የውሃ ምርመራ ተደረገ፣ አንዲት የህጻናት ሐኪም ደግሞ የልጆቹ ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን በቁጥር አሳየች፣ ከዛ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እርሳስ የህጻን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስካሁን አልተገኘለትም። የውሃው ቁጥር አንድ ቢሮ፣ የደሙ ቁጥር ሌላ ቢሮ ተቀምጦ ካልተገናኙ የሚከፍለው ልጅ ነው፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

«ትልቅ ካምፓኒ ላይ የክልል መስሪያ ቤት ምን አቅም አለው?»

አለው። የአየር ብክለት የሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ የአንድ የአሜሪካ ግዛት መስሪያ ቤት ነው። የቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖች ላብራቶሪ ውስጥ ቴስት ሲደረጉ ንጹህ፣ መንገድ ላይ ግን ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ እስከ ገደቡ 40 እጥፍ ይለቁ ነበር፣ ቴስት ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ለክተው ልዩነቱን አዩ፣ ቦርዱ ደግሞ ራሱ ደጋግሞ እየለካ ማብራሪያ ሲጠይቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ2015 ካምፓኒው አመነ፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ነበር። አቅሙ የመጣው የራሱ መለኪያና የሚለካ ባለሙያ ስላለው ነው፣ ያ የሌለው መስሪያ ቤት ፋብሪካው ራሱ ጽፎ የሚያመጣለትን ሪፖርት ከመቀበል ውጪ ምርጫ የለውም።

«ውሃው ብዙ ነው፣ ያጥበዋል»

ሚናማታ፣ ጃፓን። ፋብሪካ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት ያለበት ፍሳሽ ወደ ባህር ለቀቀ፣ ዓሳው ውስጥ ተጠራቀመ፣ ዓሳውን የበላ ሰው ነርቩ ተጎዳ፣ በእናት ሆድ ውስጥ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1956 ነው፣ ፍሳሹ የቆመው ግን በ1968!

«ጭስ ቢበዛ ያስላል እንጂ ሌላ ምን ያመጣል»

ጭስ ውስጥ ያለው ከ2.5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) በታች የሆነው ብናኝ ከጸጉር ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያንሳል፣ ሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ስለሚገባ የልብ ድካምና ስትሮክም ያመጣል። ፕላስቲክ ማቃጠልም ቆሻሻውን ማጥፋት አይደለም፣ ወደምንተነፍሰው አየር መቀየር ነው።

«ብንጠቁምም ዋጋ የለውም»

ብዙ ጊዜ ችግሩ ጥቆማው ባዶ መሆኑ ነው። «ወንዙ ተበክሏል» ብቻ ከተባለ ተቆጣጣሪው ቀን ላይ ይመጣል፣ ፍሳሹ የተለቀቀው ሌሊት ከሆነ የሚያገኘው ያለፈ ውሃ ነው፣ ናሙናውም ደህና ይላል፣ ፋይሉ ይዘጋል። የትኛው ቱቦ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ምን አይነት ቀለም ወይም ሽታ እንደነበረው ጽፋችሁ ፎቶ ጨምራችሁ ስጡ፣ በዛው ሰዓት መጥተው ናሙና እንዲወስዱ ጠይቁ፣ ከዛ ውጤቱን በጽሁፍ ስጡን በሉ።