የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቴምብሮች፦ ማኅተማቸውና የህትመት ስህተታቸው

የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በሐምሌ 1936 ሲጀመር (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ቴምብር የሚያትመው የመንግሥት ፋብሪካ ግን ማድሪድ ነበር፤ ማድሪድም በሪፐብሊኩ፣ ማለትም በነበረው መንግሥት እጅ ቀረች። ያመፁት ጄኔራሎች ሰፊ ግዛትና ብዙ ፖስታ ቤት ይዘው ቴምብር የሚያትሙበት አጡ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ጉደኛ ቴምብሮች ብዙዎቹ ከዚህ እጦት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው መላ ቀላል ነበር። ፖስታ ቤት ውስጥ የተገኘውን የሪፐብሊክ ቴምብር አውጥቶ በላዩ ላይ መፈክር ማተም። ሴቪያ፣ ካዲዝ፣ ቡርጎስ፣ ሳን ሴባስቲያን፣ በኋላ ማላጋ፣ የካናሪ ደሴቶችም ሳይቀሩ እያንዳንዱ የራሱን አወጣ። «ቪቫ ኤስፓኛ» (ስፔን ለዘላለም ትኑር) የሚል አለ። «አሪባ ኤስፓኛ» (ስፔን ከፍ ትበል) የሚል አለ። የአመፁን ቀን፣ ሐምሌ 18 ቀን 1936ን የጨመረም አለ። ሥራው የተሰጠው በየከተማው ላሉ ተራ ማተሚያ ቤቶች ነው። ሉሁ ተገልብጦ ማሽን ውስጥ ከገባ መፈክሩ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ካለፈ ጽሑፉ ይደረባል። ከተደረደሩት ፊደሎች አንዱ ከወደቀ ቃሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። በጥድፊያ ላይ የወረቀትና የቀለም እጥረት ሲጨመርበት ስህተት መብዛቱ አይገርምም።

ብዙም ሳይቆይ ቡርጎስ ላይ የተቀመጠው የአመፀኞቹ መሪ የጄኔራል ፍራንኮ ወገን አስተዳደር የራሱን ቴምብር ማውጣት ጀመረ። የቡርጎስ ካቴድራል፣ የቶሌዶው አልካዛር ምሽግ፣ ጀግናው ኤል ሲድ፣ ንግሥት ኢዛቤል ታተሙበት። ካተሙት መካከል የፉርኒዬ ቤተሰብ ይገኝበታል። ይህ ቤተሰብ ስሙ የሚነሳው በመጫወቻ ካርታ ነው፤ ስፔን ውስጥ ካርታ የተጫወተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛራጎዛም የግል ማተሚያ ቤት ተቀጥሯል። ብዙው ህትመት ሊቶግራፊ ነበር፤ ማለትም ሥዕሉ ወደ ማተሚያ ድንጋይ ደጋግሞ ይገለበጣል። በተገለበጠ ቁጥር ትንሽ እንከን ይተዋል፤ አንዱ ጋ የተሰነጠቀ መስመር፣ ሌላው ጋ ነጭ ነጥብ። እንከኑ በእያንዳንዱ ሉህ ላይ ያው ቦታ ላይ ይደጋገማል። ስለዚህ ታጋሽ ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር እያየ አንድ ቴምብር ከሉሁ የትኛው ረድፍ ላይ እንደነበር ሊነግርህ ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ለኔ ከተዘቀዘቀው መፈክር ይልቅ ይሄኛው የበለጠ ደስ ይላል። የተዘቀዘቀውን ማንም ያየዋል።

ደግሞ የተዘቀዘቀው ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ሰብሳቢ ለስህተት የበለጠ እንደሚከፍል ማተሚያ ቤቶቹም ነጋዴዎቹም በደንብ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጠርዙ ሳይበሳ የቀረ፣ ቀለሙ የተቀየረ፣ ሁለት ጊዜ የታተመ ቴምብር ሆን ተብሎ ተሠርቶ በጓሮ በር ወጥቷል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ያልተጠቀሙበትን «ስህተት» በጥርጣሬ የሚያዩት። ያው ስህተት በእውነተኛ ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ፣ በትክክለኛው ዋጋ፣ በትክክለኛው ከተማ ማኅተም ተመቶ ከተገኘ ግን ሌላ ወሬ ነው። ፖስታ ቤቱ ሳያየው አልፏል ማለት ነው።

ሪፐብሊኩም ከዚህ ንግድ አልራቀም። የጦር መሣሪያ መግዣ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገው ነበር፤ የውጭ አገር ሰብሳቢ ደግሞ ይከፍላል። በ1938 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 150ኛ ዓመት ብሎ የነፃነት ሐውልትን ያሳተመው ለዚህም ጭምር ነው። በዚያው ዓመት ለሳጉንቶ ሠራተኞችና በፒሬኔ ተራሮች ተከቦ ለተዋጋው 43ኛ ክፍለ ጦር ቴምብር ወጣ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የባሕር ሰርጓጅ ፖስታ ነው። የሜኖርካ ደሴት በሪፐብሊኩ እጅ ነበረች፤ ጎረቤቷ ማዮርካ ደግሞ በፍራንኮ ወገን እጅ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች የሚነሱባት። በመርከብ መሄድ አደገኛ ነበር። በነሐሴ 1938 ሲ-4 የተባለችው ሰርጓጅ ደብዳቤ ጭና ከባርሴሎና ተነሳች፤ ውኃ ውስጥ ለውስጥ ተጉዛም ሜኖርካ ያለችው ማኦን ደረሰች። ለጉዞው ከ1 እስከ 15 ፔሴታ (የያኔው የስፔን ገንዘብ) የሚያወጡ ስድስት ቴምብሮችና አንድ ልዩ ሉህ ታትመዋል። ልዩ ማኅተምም ተቀርጿል። ቴምብሮቹን ጠጋ ብሎ ላየ ግን የተሣሉት ሌሎች ሰርጓጆች ናቸው፤ ደብዳቤውን የተሸከመችው ሲ-4 አንዱም ላይ የለችም። እሷ ራሷ በ1946 በልምምድ ላይ ሌፓንቶ ከተባለች የጦር መርከብ ጋር ተጋጭታ ከነሠራተኞቿ ሰጠመች። በባርሴሎናና በማኦን ማኅተም የተመታ፣ በእርግጥ የተጓዘ ፖስታ ከባዶው ቴምብር ብዙ እጥፍ ያወጣል።

ያን ጊዜ የሪፐብሊኩ ሰው ዝርዝር ሳንቲም አጥቶ ተቸግሮ ነበር፤ ብረቱን ሁሉም ደበቀው። መንግሥት በ1938 ክብ ካርቶን አዘጋጀ፤ በአንድ በኩል የአገሪቱ ዓርማ፣ በሌላው በኩል የተለጠፈ ቴምብር። ይህም እንደ ሳንቲም ተገበያየ። የቴምብር ሰብሳቢውም የገንዘብ ሰብሳቢውም «የኔ ነው» ይሉታል።

አሁን ወደ ማኅተሞቹ። በሁለቱም ወገን ደብዳቤ ይከፈትና ይነበብ ነበር። የፍራንኮ ወገን «ሴንሱራ ሚሊታር» (ወታደራዊ ሳንሱር) የሚል ማኅተም ይመታል፤ ከሥሩ የከተማው ስም ይከተላል። ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ የየራሳቸው ስለነበራቸው ቅርጹ፣ መጠኑና ቀለሙ እልፍ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የአንድ ክፍለ ሀገር ሳንሱር ብቻ ቢሰበስብ አያልቅበትም። የፍራንኮ ወገን ዓመቱንም በራሱ መንገድ ይቆጥር ነበር፤ «ሁለተኛው የድል ዓመት»፣ «ሦስተኛው የድል ዓመት» እያለ በ1939 «የድሉ ዓመት» ላይ ደረሰ።

ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሄድ ተራ ደብዳቤ አልነበረም። ግንባሩ ከወዲያና ከወዲህ የቀረ ቤተሰብ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በኩል ጥቂት ቃላት ብቻ ቅጽ ላይ ጽፎ ይልካል። ቅጹ በጄኔቫ በኩል ዞሮ ይደርሳል። ቴምብር ላይኖረው ይችላል፤ ማኅተሙ ግን በላይ በላዩ ነው።

የውጭ ተዋጊዎች ፖስታም ለብቻው ዘርፍ ነው። ለሪፐብሊኩ የተዋጉት የውጭ በጎ ፈቃደኞች፣ የዓለም አቀፍ ብርጌዶች፣ ማዕከል የአልባሴቴ ከተማ ስለነበረ ደብዳቤያቸው በዚያ ያልፋል፤ ወታደሩ ያለበት ቦታ አይገለጽም። ለፍራንኮ የተዋጉት ጣሊያኖች «ልዩ ፖስታ ቤት» የሚል ማኅተም ነበራቸው። ፍራንኮን የረዳው የጀርመን ጦር፣ የኮንዶር ሌጌዎን፣ ደግሞ መኖሩም ስለሚካድ ደብዳቤው በርሊን ውስጥ ባለ የሽፋን አድራሻ በኩል ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ የኛም ታሪክ ይነካካል። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ለመዝመት የፈለጉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ መንግሥታቸው ከለከላቸው። ከ80 በላይ የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን በኋላ ስፔን ሄደው ከሪፐብሊኩ ጎን ተሰለፉ። «ይቺ ኢትዮጵያ አይደለችም፣ ግን ትበቃናለች» የሚለው የዚያን ጊዜ አባባል ነው። በሌላው ወገን ደግሞ እንደ ጄኔራል ቤርጎንዞሊ ያሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የተዋጉ የጣሊያን መኮንኖች ነበሩ።

ፎርጅዱ ብዙ ነው። በተለይ የተደረቡት መፈክሮች ለመሥራት ቀላል ስለሆኑ፣ ርካሽ የሪፐብሊክ ቴምብር ላይ መፈክር ጨምሮ መሸጥ የቆየ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ የቀለሙ ቅደም ተከተል ነው። መፈክሩ ከፖስታው ማኅተም ሥር መሆን አለበት። በላዩ ከተቀመጠ፣ ቴምብሩ ደብዳቤ ላይ ከሠራ በኋላ የተጨመረ ነው፤ አበቃ። ሁለተኛው አልትራቫዮሌት መብራት ነው። የዚያን ዘመን ወረቀት ከኋላ ዘመን እንደመጣው ነጭ ወረቀት ቦግ አይልም። ሦስተኛው ጀርባውን ማገላበጥ ነው፤ ብዙዎቹ የሪፐብሊክ ቴምብሮች ከኋላቸው የቁጥጥር ቁጥር አላቸው። ሁሉም ዜሮ ከሆነ ናሙና ነው እንጂ ለሽያጭ የወጣ ቴምብር አይደለም።

ማድሪድ የሄደ ሰው እሑድ ጠዋት ፕላዛ ማዮር ቢወጣ በቅስቶቹ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ቴምብርና የድሮ ሳንቲም የሚሸጡ ያገኛል። ባርሴሎናም በፕላሳ ሬያል እንዲሁ ነው። ለጀማሪ የምመክረው አልበም ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ «ብርቅ ስህተት» የተባለውን ትቶ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ካርቶን ውስጥ የተቆለሉትን ሳንሱር የተመታባቸው ተራ ፖስታዎች እንዲያገላብጥ ነው። ጥቂት ዩሮ ነው የሚጠይቁት።