የኢንቨስትመንት ስብጥር ምንድን ነው?

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሰንጋ ተራ የሚሄድ ሰው የባንኮችን ረጃጅም ሕንፃዎች ግራና ቀኝ እያየ ያልፋል። ከእነዚህ ባንኮች ከሦስቱ አክሲዮን የገዛ ጀማሪ ብዙ ጊዜ «ገንዘቤን በታትኜ አስቀምጫለሁ» ብሎ ይተማመናል። ገንዘቡ ግን አልተበታተነም።

ስብጥር ማለት በአንድ ምክንያት አብረው በማይወድቁ ነገሮች ላይ ገንዘብን ማከፋፈል ነው። የሦስቱ ባንኮች ስም ይለያይ እንጂ የሚገዛቸው ደንብ አንድ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነበር የነካቸው። ባንክ ብድር ካልሰጠ ወለድ አይሰበስብም፤ ወለድ ሲቀንስ የባለ አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻም ይሳሳል። ዝቅተኛው የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ እንዲል ሲታዘዝም ማንም ባንክ አልቀረም።

በቁጥር እንየው። 90,000 ብር ያለው ሰው ሁሉንም የባንክ አክሲዮን ቢገዛበትና ዋጋው በሲሶ ቢወርድ 30,000 ብር ያጣል። 30,000ውን ብቻ በባንክ አክሲዮን፣ 30,000ውን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ (እስከ ተወሰነ ቀን ሳይነካ በሚቀመጥ ቁጠባ)፣ የቀረውን በሌላ ዘርፍ አክሲዮን ቢያደርገው ኖሮ፣ ሌሎቹ ባሉበት ከጸኑ፣ ጉዳቱ 10,000 ብር ነው። ሌላ ዘርፍ መግባት ደግሞ የሀብታም ብቻ አይደለም፤ ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሽያጭ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

ስብጥር የማያድንበት ቦታም አለ፣ ይህን መሸፋፈን ጀማሪን መበደል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በብር የተቀመጠ ቁጠባ ሁሉ የትም ባንክ ይሁን ከውጭ ምንዛሪ አንጻር አቅሙ ወረደ። ቤትና ቦታ እንዲህ ያለውን ጊዜ ሊቋቋሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ በቸገረ ጊዜም ቶሎ አይሸጡም።

ስለዚህ ከማከፋፈል በፊት የጥቂት ወራት የቤት ወጪ በቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ። አክሲዮን ሲገዛም «ልሽጠው ብል ማን ይገዛዋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል፤ በዚያ ያልተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን የያዘ ሰው ገዢ እስኪያገኝ ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል።