የመገጣጠሚያ ቁልፍ ለዕለት ተዕለት ራስን መከላከል

የመገጣጠሚያ ቁልፍ ማለት የባላጋራን የእጅ አንጓ፣ ክርን ወይም ትከሻ መተጣጠፍ እስከሚችልበት ጫፍ ወስዶ እዚያው መያዝ ነው። ክርን አንዴ ከተዘረጋ ወደ ኋላ መሄጃ የለውም፤ በግድ ካለፈ ጅማቱ ይበጠሳል ወይም መገጣጠሚያው ይወልቃል። ከቡጢ የሚለየው የጉዳቱ መጠን በያዡ እጅ መሆኑ ነው፤ ማጥበቅም ማላላትም ይቻላል። ድግስ ላይ ጠጥቶ ኮሌታ የሚያንቅን ዘመድ ሳይመቱ ለማስቆም ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል።

ስልቱ በስፋት የታወቀው ጁጂትሱ በሚባለው የቆየ የጃፓን የትግል ጥበብ፣ ከዚያም ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 በመሠረተው የኮዶካን ጁዶ በኩል ነው። በጁዶ ውድድር የሚፈቀደው ክርን ላይ የሚሠራ ቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ካታ በሚባሉ የተወሰነ ቅደም ተከተል ባላቸው ልምምዶች ውስጥ በጥንቃቄ ተጠብቀው ቆይተዋል። ከእነዚህ ለዛሬ ሰው የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ኮዶካን ጎሺን ጁትሱ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ የካኖም የአይኪዶ (ሌላው የጃፓን ራስን የመከላከያ ጥበብ) መሥራቹ የኡኤሺባ ሞሪሄይም ደቀ መዝሙር የነበረው ቶሚኪ ኬንጂ ነበር። ካታው 21 ስልቶች አሉት፦ 12ቱ ባዶ እጁን ለመጣ፣ 9ኙ ደግሞ ለጩቤ፣ ለዱላና ለሽጉጥ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት። ከ12ቱ 7ቱ የሚጀምሩት ባላጋራው ከያዘ በኋላ ነው። አዘጋጆቹ ጉዳዩን በሚገባ አውቀውታል፤ ቁልፍ የሚሠራው ልብስ ወይም ክንድ ጨብጦ የቆመ እጅ ላይ እንጂ በአየር የሚመጣ ቡጢ ላይ አይደለም። በብዙዎቹ ስልቶች ከቁልፉ በፊት ምት ይቀድማል፤ ለምሳሌ ግራ ኮሌታ ሲያዝ በእጅ ጀርባ ዓይን አካባቢ ይመታል። ምቱ የሚፈጥረው የመደናገር ቅጽበት ካልተገኘ አንጓውን መጠምዘዝ ይከብዳል።

አይኪዶ የአንጓ ቁልፎችን ይበልጥ አስፋፍቷል። የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን አይኪዶ ያስተምሩ ነበር፤ ስልቱ ሀዋሳ ውስጥ በወጣቶች ዘንድ እንዲታወቅም አግዘዋል።

ባላጋራው በቀኝ እጁ የተከላካዩን ግራ ኮሌታ ያዘ እንበል። ተከላካዩ ቀኝ መዳፉን ከላይ አምጥቶ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን የባላጋራውን እጅ ጠርዝ በጣቶቹ ያቅፍና እጁን ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ክንዱ ይሳባል። ቀጥሎ ትንሿ ጣት ወደ ላይ እንድትዞር አንጓውን ያዞራል፤ በግራ እጁ የክርኑን መታጠፊያ ወደ ታች ይጫናል፤ ከዚያ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። በትክክል ከተሠራ ባላጋራው ይንበረከካል።

የተለመደው ስሕተት እጁን ከደረት አርቆ መጠምዘዝ ነው። ያኔ ጉዳዩ የክንድ ጉልበት ፉክክር ይሆናል፤ ጉልበተኛውም ያሸንፋል። ፊት ለፊት መቆምም አደገኛ ነው፤ የባላጋራው ግራ ቡጢ ነፃ ነውና ወደ ተያዘው ክንድ ውጭ ጎን ፈቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ላብ ያንሸራትታል፤ ወፍራም ጃኬትም አንጓውን ይሸፍናል። ባላጋራው ክንዱን ዘርግቶ ሊያመልጥ ከሞከረ ግን አንጓውን ትቶ የተዘረጋውን ክርን ብብት ሥር መጫን ይቻላል። ይህ ዋኪ-ጋታሜ ይባላል፤ በጁዶ ውድድር በዚህ ይዞታ ቀጥታ ወደ መሬት መውደቅ ያስባርራል፤ ክርኑ እጅ ለመስጠት እንኳ ጊዜ አያገኝም።

የአንጓ ቁልፍ በመንገድ ጠብ አይሠራም የሚሉ አሉ። ሕመም በማይሰማው ሰካራም ላይ በሕመም ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ሊከሽፍ ይችላል፤ ክርንና ትከሻን የሚቆልፈው ግን ሚዛኑን ጭምር ስለሚያስተው ይበልጥ ያስተማምናል። ጩቤ ለያዘና ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰዎች መሸሽ ይሻላል፤ ሁለት እጅ አንድ ክንድ ላይ ሲጠመድ ለሌላው የሚተርፍ የለም።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር እንዲመጣጠን ይጠይቃል፤ ተንበርክኮ የቆመን ሰው ክርን መስበር በዚህ አይሸፈንም።

በልምምድ ቁልፉ በዝግታ ይጠብቃል፤ የተያዘው ሁለቴ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው ይላላል። በችኮላ የመጣ ወለምታ ለሳምንታት ያስቀምጣል። በእውነተኛ ጠብ ሲለቀቅም ባላጋራውን በክርኑ ገፍቶ ሁለት እርምጃ መራቅና ዓይንን ከትከሻው አለማንሳት ያስፈልጋል፤ ዞሮ ሊመታ ሲል መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ትከሻው ነው።