የአምስት ደቂቃ ቀልድ ምንድን ነው?

ጀማሪ የስታንድ አፕ ኮሜዲያን ብዙ ቀልድ ከማወቁ ይልቅ አምስት ደቂቃ የሚያህል የተፈተነ ቀልድ መያዙ ይጠቅመዋል። የተፈተነ ማለት ቃሉ ተቆጥሮ የተቀመጠ፣ ሳቁ የት ላይ እንደሚመጣ የታወቀ፣ ትርፍ ዓረፍተ ነገር የሌለበት ማለት ነው።

ልኩን ያስለመደው በአመዛኙ ቴሌቪዥን ነው። አሜሪካዊው ጆኒ ካርሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1992 በመራው የምሽት ዝግጅት ላይ ኮሜዲያን የሚሰጠው ጊዜ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ካርሰን ደስ ካለው ሰውየውን ወደ ሶፋው ይጠራዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ራሱ ፈልጎት ይመጣል። ጄሪ ሳይንፌልድ እዚያ የቀረበው በ1981 ነው። በ1989 ደግሞ እንደ እርሱ ከመድረክ ከመጣው ከላሪ ዴቪድ ጋር እስከ 1998 የዘለቀ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጀመረ። በእኛ አገር መሰላሉ ካሴትና የበዓል ዝግጅት ነበር፤ ከልመንህ ታደሰ ጋር በጥምረት ያሥቅ የነበረው አለባቸው ተካም የራሱ የቴሌቪዥን ዝግጅት እስከመኖር ደርሷል።

የሀዋሳ ወጣት ግን የሚፈተነው በአብዛኛው ሰርግ ላይ ነው። ማይክ የሚሰጡት እንግዳው ምግብ ይዞ ሲቀመጥ ስለሆነ ተመልካቹ ግማሽ ጆሮውን ብቻ ያውሰዋል። ክፉ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ማንኪያ ያስቆመ ቀልድ የትም ይሠራል።

አንድ ቀልድ ስትታረም እንይ። አሞራ ገደል በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚበላበት ቦታ ነው፤ አባ ኮዳ ደግሞ እዚያ ዓሣ ፍለጋ የሚመጣ ትልቅ ወፍ ነው። የመጀመሪያዋ እንዲህ ናት፦ «አሞራ ገደል ዓሣ ስበላ አባ ኮዳ መጣ። አባ ኮዳ ግብር ሰብሳቢ ይመስላል፤ ምክንያቱም ራሰ በራ ነው፣ ካፖርት የለበሰም ይመስላል።» ማንም አይስቅም። ምስጢሩ መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ የቀረው ማስረጃ ማቅረብ ነው። «ምክንያቱም» የምትለዋ ቃል ደግሞ ለፍርድ ቤት እንጂ ለመድረክ አትሆንም።

የታረመችው፦ «አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ስል አንዱ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ራሰ በራ ነው። ጥቁር ካፖርት ደርቧል። ሳህኔን ትክ ብሎ ያያል። ቀና ስል አባ ኮዳ! እኔ ኪሴን የምዳብሰው ለደረሰኝ!»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። «ደረሰኝ እፈልግ ነበር» ብትባል ኖሮ ግሱ ከኋላ መጥቶ በሳቁ ላይ ይወድቅበት ነበር። አማርኛ ግስን ዳር ማስቀመጥ ስለሚወድ ኮሜዲያኑ ዓረፍተ ነገሩን አዙሮ የሚያሥቀውን ቃል መጨረሻ ያደርሰዋል። ይህን ሁሉ አስቦ የሚሠራው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው በስልኩ ራሱን ቀድቶ ሳቁ የት እንደደበዘዘ እያዳመጠ ይደርስበታል።

ለቴሌቪዥን ሲጻፍ ሥራው ይለወጣል። መድረክ ላይ ቀልዱ የተናጋሪው ነው፤ በተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ ግን ለገጸ ባሕርይ መሰጠት አለበት፤ ያውም ሊናገረው ለሚችለው። ያችው ቀልድ ለዓሣ ጠባሿ ብትሰጥ ታሪክ መተረክ አያስፈልጋትም። ቀና ትልና «ልጆች፣ ደረሰኝ ቁረጡ!» ብላ ትጮኻለች፤ ካሜራው ዞሮ አባ ኮዳውን ያሳያል። ራሰ በራነቱንና ካፖርቱን ተመልካቹ ራሱ ያየዋል፤ ጸሐፊው መድረክ ላይ የለፋባቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መሰረዝ አለበት። ከመድረክ የመጡ ጸሐፊዎች በጣም የሚቸገሩት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ያሣቀን ቃል መጣል ያሳሳል።