«ኮከቡ ከወረደ ውሉ ፈረሰ» እና ሌሎች ስለ ሰርግ አዳራሽ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የታናሽ እህቴ ሰርግ ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። ድግሱ ሐዋሳ ነው፤ ቤተሰባችን እዚያው ነው የሚኖረው። አዳራሹን የያዝነው በሰኔ ነው። ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፣ በሩ ላይ አራት ኮከብ ለጥፏል። ቀብድ ከፈልን፣ ደረሰኝ ተቀበልን፣ እፎይ አልን። ጥቅምት ላይ የሙሽራው ወንድም ደወለ። «ሰማችሁ? ሆቴሉ ወደ ሦስት ኮከብ ወርዷል።»

ያን ምሽት ቤታችን የለቅሶ ቤት መሰለ። እናቴ «ሰው ምን ይላል?» አለች። አጎቴ «በቃ ውሉ ፈርሷል፣ ነገ ሄጄ ብራችንን አመጣለሁ» አሉ። አንዱ ሚዜ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ «ቲክቶክ ላይ ልልቀቃቸው?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ስንደራደር እንደገባኝ፣ ያን ምሽት ከተባለው ውስጥ አብዛኛው ስህተት ነበር። የኔንም ጨምሮ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ በመጨረሻ ተስማምተናል።

«ኮከብ ያው ኮከብ ነው»

አይደለም። መጀመሪያ የትኛው ኮከብ እንደወረደ ይጣራ። ሆቴል በር ላይ የሚለጠፈውን ኮከብ የሚሰጠው የቱሪዝሙን ዘርፍ የሚመራው የመንግሥት አካል ነው። ባለሙያ ይልካል፣ በመመዘኛ ነጥብ ይሰጣል። በ2007 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች እገዛ አዲስ አበባ ላይ ምዘናው ሲካሄድ፣ ራሳቸውን በራሳቸው «ባለ አምስት» ሲሉ የከረሙ ሆቴሎች ዝቅ ያለ ውጤት ደርሷቸው ጉድ ተብሎ ነበር። ደረጃው ደግሞ አንዴ ከተሰጠ ለዘላለም የሚቆይ አይደለም። እንደገና ይመዘናል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጎግል ማፕ ላይ የምታዩት ኮከብ ሌላ ነው። እሱ ገብተው የወጡ ሰዎች የሰጡት አማካይ ነው። አርባ ሰው ነጥብ የሰጠው ቤት 4.6 ነበረው እንበል። ስምንት የተናደዱ ሰዎች፣ ምናልባትም ሁሉም ከአንድ ሰርግ የወጡ፣ አንድ አንድ ኮከብ ቢሰጡት 4.0 ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ እዚያ ቁጥሩን ትታችሁ የተጻፈውን አንብቡ። «መኪና ማቆሚያው ጠበበን» እና «ምግቡ ሳይዳረስ አለቀ» እኩል አይደሉም።

የኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ የመንግሥቱ።

«ኮከቡ ከወረደ ውሉ ፈረሰ»

ይህ የአጎቴ ነው። እኔም ግማሽ በግማሽ አምኜበት ነበር። ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ነው። ሆቴሉ አዳራሹን፣ ቀኑንና ምግቡን ይዞ እስከጠበቀ ድረስ፣ ኮከብ ስለወረደ ብቻ ውል አይፈርስም።

ቀብዱስ? እዚህ ላይ አንቀጽ 1885ን ማወቅ ይጠቅማል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል። ቀብድ የተቀበለው ወገን ደግሞ ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም። ሆቴሉ «ትልቅ ስብሰባ መጣብን፣ ቀብዳችሁን ውሰዱ» ቢላችሁ፣ የሰጣችሁትን ያህል ተቀብላችሁ እንዳትወጡ።

«ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ግን አትርሷት። የኛ ውል ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ሌላ ስምምነት ነበረው። ደግሞ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድመ ክፍያ»? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቅድመ ክፍያ ከዋጋው ላይ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ የቀብዱ ሕግ እንዳለ አይገጥመውም። ብሩ ጠንከር ያለ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጠበቃ ማማከር ከሙሽራ መኪና አበባ ይረክሳል።

አንድ ሁኔታ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። ውሉ ውስጥ «በአራት ኮከብ ደረጃ አገልግሎት ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ኮከቡ ማስታወቂያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገቡት ግዴታ ይሆናል። ያኔ የሚቀድመው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ሕጉም ከክስ በፊት ይህን ይጠይቃል፤ አንቀጽ 1772ን ተመልከቱ። የኛ ውል ስለ ኮከብ ያለው ነገር አልነበረም። ከላይ ያለው አርማቸው ላይ ብቻ አራት ኮከብ ያበራል።

«ኮከብ የአዳራሹ ጥራት ነው»

እኛ ኮከቡ ሲወርድ አዳራሹ የወረደ መሰለን። ምዘናው ግን ሆቴሉን በሙሉ ነው የሚያየው። መኝታ ክፍሉን፣ መታጠቢያውን፣ ወጥ ቤቱን፣ የእሳት አደጋ መከላከያውን፣ ሠራተኛውን። አዳራሹ ምንም ሳይነካ ኮከብ ሊወርድ ይችላል። ኮከቡ ሳይወርድ አዳራሹ ሊያሳፍር እንደሚችለውም ሁሉ።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን አንድ ጥያቄ ጠየቅነው። «ነጥብ የቀነሰባችሁ ምን ላይ ነው?» ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ነገረን፣ ይህን አመሰግንለታለሁ። የመኝታ ክፍሎቹ ዕቃ አርጅቷል። አንዱ ሊፍት አይሠራም። የአደጋ ጊዜ መውጫው ላይም ችግር ተገኝቷል።

ሊፍቱ አላስጨነቀን፤ አዳራሹ ምድር ቤት ነው። ክፍሎቹ ግን ነገር አላቸው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዘው የሚመጡ ዘመዶች እዚያው ነው የሚያድሩት። አክስቴን ደግሞ ፍራሽ አያታልላትም። የአደጋ መውጫውን ሄደን አየነው። የአዳራሹ የኋላ በር ነው። ፊቱ ላይ የፕላስቲክ ወንበር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አራት መቶ ሰው የሚታደምበት አዳራሽ፣ ሻማና ርችት የሚበራበት ሰርግ፣ መውጫው አንድ በር ብቻ። ከኮከቡ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ኮከቡ ባይወርድ ኖሮ ያንን በር ማንም ሄዶ አያየውም ነበር፤ አራት ኮከብ ሳለም ወንበሩ እዚያው ይሆናል።

«ድርድር ማለት ዋጋ ማስቀነስ ነው»

አጎቴ የገቡት በዚህ ነው። «ከአራት ሦስት ስትወርዱ ዋጋውም አብሮ ይወርዳላ!» ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለና «ጋሼ፣ በሬው እኮ ኮከቡ መውረዱን አልሰማም» አለ። ሳቅን። ግን እውነቱን ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት የሥጋም የዘይትም ዋጋ ጨምሯል።

በነፍስ ወከፍ ዋጋ ላይ ሙጭጭ ብትሉ ሊቀንስላችሁ ይችላል። የተቀነሰው ግን ከሆነ ቦታ ይመጣል፤ ክትፎው ይሳሳል፣ ዓሣው ከቡፌው ይጠፋል፣ አስተናጋጁ ከሃያ ወደ አሥራ ሁለት ይወርዳል። ሰርጉ ቀን ቆማችሁ አትቆጥሩም።

እኛ ያተረፍነው ዋጋውን ትተን ሌላውን ስንነካ ነው። ለሂሳብ ያህል በሰው 1,000 ብር ብለን እንነሳ። አሥር በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265። ለአራት መቶ ሰው 506,000 ብር ማለት ነው። አምስት በመቶ ቅናሽ ብታገኙ 25,300 ብር ይቀርላችኋል። ውላችን ግን «ቢያንስ የአራት መቶ ሰው ሂሳብ ይከፈላል» ይል ነበር። ሦስት መቶ ሃምሳ ሰው ቢመጣም የአራት መቶ እንከፍላለን። ያንን ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ አስወረድነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ከሰርጉ አሥር ቀን በፊት እንድናሳውቅ ተስማማን። ሃምሳ ሰው በ1,265 ሲባዛ 63,250 ብር ነው። ሥራ አስኪያጁም ሳያመው ሰጠን፤ ላልበላ ሰው ምግብ አያበስልማ።

በተረፈ የጠየቅነው እንዲህ ነበር። የኋላው በር ይከፈት፣ ወንበሩ ይነሳ። የእንግዶቹን ክፍሎች እኛ አይተን እንምረጥ። ከሰርጉ በፊት ምግቡን እንቅመስ። ጠጅ ከቤት ስናመጣ አታስከፍሉን። ዋጋው እስከ ጥር አይጨምር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሳ፣ ነዳጁም በሆቴሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገቡት አጎቴ ናቸው፤ የአንዱን የጓደኛቸውን ልጅ ሰርግ በሻማ ጨርሰዋል። ከጠጁ በቀር ሁሉንም እሺ አሉ። ጠጁንም ከብዙ ልመና በኋላ ግማሽ አስከፈሉን።

«ጥር ላይ አማራጭ ስለሌለ መደራደር አይቻልም»

ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ጥቂት ናቸው፤ ሙሽራው ብዙ። ልክ ነው፣ ሌላ አዳራሽ አይገኝም። ግን ሆቴሉም ቀኑ ከቀረበ በኋላ እናንተን ለቅቆ ሌላ ሙሽራ አያገኝም፤ ሁሉም የራሱን ይዟል። የታሰራችሁት ሁለታችሁም ናችሁ። እኛ ወሬውን በሰማን ሳምንት ሄድን። ታኅሣሥ ላይ ብንሄድ ኖሮ ወንበር ለማንሳት እንኳ ጊዜ አይኖርም ነበር።

«ቲክቶክ ላይ ልቀቀው፣ ይደነግጣሉ»

ይደነግጡ ይሆናል። የእህትህን ኬክ የሚያመጣውም ያው የተቆጣ ሰው ነው። ሚዜውን ስልኩን ቀማነው።

«ቱሪዝም ቢሮ ብከስ ገንዘቤን ያስመልስልኛል»

የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሆቴሉን ይመዝናል፣ ይቆጣጠራል። የእናንተን ቀብድ ግን አይፈርድም፤ እሱ የፍርድ ቤት ነው፣ ወይም የሽማግሌ። ሌላም በር አለ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ አሳሳች ማስታወቂያም የተከለከለ ነው። ደረጃው ወርዶ የድሮውን አራት ኮከብ በሩ ላይ ሰቅሎ ደንበኛ የሚቀበል ሆቴል እዚህ ውስጥ ይገባል። አቤቱታው ወደ ንግድ ቢሮ ነው። እኛ አልሄድንም። ግን አዋጁን ማንበባችንን በጨዋታ መሃል ጣል አደረግን፤ በሳምንቱ አንዱ ኮከብ ከበሩ ላይ ተነሳ።

«ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቶልናል፣ ይበቃል»

ይህ የኔ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ልጅ ነበር፤ እጅ ተጨባብጠን፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። እኔ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እናቴ ናት «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብላ መልሳ የላከችኝ። ሁለት ገጽ የውል ማሻሻያ ተጻፈ። የዋናው ውል ቀን ተጠቀሰበት፣ ሁለታችንም ፈረምን፣ ማኅተም ተመታበት፣ አንድ አንድ ቅጂ ያዝን። «ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል» የሚባል ነገር አልጻፍንም፤ ማን ይለካዋል? ሰዓት፣ ቁጥርና የበር ስም ነው የጻፍነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ለቅምሻ ስንሄድ ሥራ አስኪያጁ የለም። ኮከቡ ከወረደ በኋላ ባለቤቶቹ ቀይረውታል። አዲሱ ሰውዬ ስለ ጠጅም ስለ ጄኔሬተርም የሰማው ነገር የለም። ሁለቱን ገጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አነበበ፣ ማኅተሙን አገላብጦ አየ፣ «እሺ» አለ።

ሰርጉ ቀን አጎቴ ቅጂያቸውን አጥፈው የኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘውት መጡ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኬኩ ሊቆረጥ ሲል መብራት ድርግም አለ። ዲጄው ዝም፣ አዳራሹ ዝም። አጎቴ ከተቀመጡበት ተነስተው ሰዓታቸውን ወደ ኋላው በር ብርሃን አዘንብለው መቁጠር ጀመሩ። አርባ ላይ ሲደርሱ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ወረቀቱን ኪሳቸው ውስጥ መለስ አደረጉና ክትፎ እንዲጨመርላቸው አስተናጋጁን ጠሩ።